የትረስ እንጨት አይታጠፍም የሚባለው እስከ ምን ድረስ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «8 ሜትር ስፋት ያለው የእንጨት ትረስ (ጣሪያ የሚሸከም ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት ፍሬም) ነድፌያለሁ። መሃሉ 2 ሜትር ከፍ ይላል፣ ውስጡ የደብሊው ቅርጽ አለው። ትረሶቹ በየ1.2 ሜትር ይቆማሉ። የላይኛውም የታችኛውም እንጨት 5 በ10 ሳንቲ ሜትር ጥድ ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮው የሚያርፍበት አግዳሚ እንጨት፣ ፐርሊኑ፣ በየ1 ሜትር ይመታል። የመታጠፍ ጫናውን እንደ 8 ሜትር ቢም (ነጠላ አግዳሚ ተሸካሚ) ሳሰላው 108 ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር መጣብኝ። የእንጨት ጥንካሬ ሰንጠረዡ ደግሞ 24 ነው የሚለው። አናጺው ግን ‹ትረስ አይታጠፍም፣ ይሄን ማስላት ጊዜ ማባከን ነው› አለኝ። ማንን ልመን?»

ሁለታችሁንም አያምኑ። እርስዎ የሌለ መታጠፍ አስልተዋል፣ አናጺው ደግሞ ያለውን ክደዋል። ከሁለቱ ለእውነቱ የሚቀርቡት ግን አናጺው ናቸው።

ከእርስዎ ስሌት ልጀምር። 108 የመጣው የ8 ሜትሩን ሙሉ ሞመንት (ጭነቱ የሚፈጥረውን የማጠፍ ጉልበት) ለአንዲት 5 በ10 እንጨት ስላሸከሟት ነው። ትረስ እንደዚያ አይሠራም። የ8 ሜትሩን ሞመንት የሚሸከመው የላይኛውና የታችኛው እንጨት ተጋግዘው ነው። የላይኛው ከሁለት ጫፉ ይገፋል፣ የታችኛው ይወጠራል፣ በመካከላቸው ያለው ከፍታ ደግሞ እንደ ክንድ ያገለግላል። ስለዚህ ያ ሁሉ ሞመንት ወደ ግፊትና ወደ ውጥረት ይቀየራል። እንጨት ደግሞ በርዝመቱ ሲገፋና ሲወጠር ጎበዝ ነው። ለመጠኑ ያህል፣ በእርስዎ ትረስ የላይኛው እንጨት ድጋፉ አጠገብ የሚደርስበት ግፊት 7.6 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው። ይህ በ50 በ100 ሚሊ ሜትር ላይ ሲከፋፈል 1.5 ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ከ108 ጋር አይተዋወቁም።

«ትረስ አይታጠፍም» የሚለው አባባል ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ጭነቱ በሙሉ መጋጠሚያዎቹ ላይ ማረፍ አለበት። እንጨቶቹም መጋጠሚያው ላይ እንደ ማጠፊያ በነፃነት የሚዞሩ መሆን አለባቸው። ትምህርት ቤት የሚሳለው ትረስ እንዲህ ነው። የእርስዎ ግን አይደለም። በእርስዎ ንድፍ የላይኛው እንጨት መጋጠሚያዎች በአግድም ሲለኩ በየ2 ሜትር ናቸው፣ ፐርሊኑ ግን በየ1 ሜትር ነው። አንዱ ፐርሊን መጋጠሚያ ላይ ያርፋል፣ ቀጣዩ ሁለት መጋጠሚያዎች መሃል አየር ላይ ይወድቃል። ይሄ መሃል ላይ ያረፈው ነው እንጨቱን የሚያጥፈው። ስለዚህ መታጠፍ አለ፣ መረጋገጥም አለበት። የሚረጋገጠው ግን በ2 ሜትሩ ላይ ነው እንጂ በ8 ሜትሩ አይደለም።

ቁጥሩን አብረን እንየው። ቆርቆሮው፣ ፐርሊኑና የትረሱ የራሱ ክብደት ተደምሮ በካሬ ሜትር 0.25 ኪሎ ኒውተን ይሁን። ለጥገና ጣሪያ ላይ ለሚወጣ ሰውና ዕቃ 0.4 እንጨምር። በረዶ የሚከማችበት አገር ከሆነ ይህ ቁጥር ይቀየራል፣ አንዳንዴ በብዙ እጥፍ። በዩሮኮድ (የአውሮፓ የግንባታ ንድፍ ደንብ) አሠራር ለጥንቃቄ የመጀመሪያው በ1.35፣ ሁለተኛው በ1.5 ይባዛል። ድምሩ በካሬ ሜትር 0.94 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው። ትረሶቹ በ1.2 ሜትር፣ ፐርሊኖቹ በ1 ሜትር ስለሚራራቁ አንድ ፐርሊን አንድ ትረስ ላይ የሚያሳርፈው 1.13 ኪሎ ኒውተን ያህል ነው።

የላይኛው እንጨት ከግርግዳው እስከ ጫፉ ሳይቆረጥ የሚሄድ ከሆነ መካከለኛው መጋጠሚያ ላይ ቀጣይ ነው። በሁለት ተከታታይ ርቀቶች መሃል መሃላቸው ላይ እኩል ጭነት ሲያርፍ ትልቁ ሞመንት የሚወጣው ከፐርሊኑ ሥር አይደለም። መካከለኛው መጋጠሚያ ላይ ነው። መጠኑም ጭነቱ በርቀቱ ተባዝቶ የዚያ 3 አሥራ ስድስተኛ ነው፣ ማለትም 0.42 ኪሎ ኒውተን ሜትር። ይህን ልብ ይበሉ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ሴክሽን ሞዱለስ፣ ማለትም የእንጨቱ መጠንና አቀማመጥ መታጠፍን የሚቋቋምበት ልክ። ስፋቱን በቁመቱ ካሬ ያባዙና ለ6 ያካፍሉ። 50 በ100 እንጨት በቁሙ ሲቆም 83,333 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ይሰጣል። ሞመንቱን ለዚህ ሲያካፍሉ የመታጠፍ ጫናው 5.1 ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ 108 ያሉት 5.1 ነው።

«24 ተፈቅዶልኝ 5.1 ከሆነ ምን ቀረኝ» እንዳይሉ። ሁለተኛው ስህተት እዚህ ጋ ነው። 24 የሚፈቀድ ጫና አይደለም። ሲ24 የተባለ ደረጃ የተሰጠው እንጨት ላቦራቶሪ ውስጥ ደቂቃዎች በሚፈጅ ፈተና ሲሰበር ከ100 እንጨቶች 95ቱ የሚያልፉት ቁጥር ነው። ጣሪያዎ ግን የሚቆመው ለደቂቃዎች አይደለም። እንጨት ጭነት ሲሰነብትበት ይደክማል። ስለዚህ የደንቡ የእንጨት ክፍል፣ ዩሮኮድ 5፣ ይህን ቁጥር ለጭነቱ ዕድሜና ለእርጥበቱ ሲል ይቀንሰዋል። ከዚያም በ1.3 ያካፍለዋል። ቤት ውስጥ ወይም ክዳን ሥር ላለ ተራ እንጨት ቅነሳው ለዘላቂ ጭነት 0.6፣ እንደ ጥገና ላለ አጭር ጭነት 0.9 ነው። ከ24 ተነስተው ለዘላቂ ጭነት የሚተርፍዎ 11 ብቻ ነው።

ያውም እንጨትዎ ሲ24 ከሆነ። መሆኑን በምን አወቁ? ማኅተም የለበትም ብዬ እገምታለሁ፣ ጥያቄዎ ላይ አልጠቀሱትማ። ደረጃውን የሚወስነው «ጥድ» የሚለው ስም አይደለም። ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት እንጨቶች አንዱ ሲ24፣ ሌላው ደከም ያለው ሲ16 (የመታጠፍ ጥንካሬው 16) ወይም ከዚያ በታች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ሳይመደብ የመጣ እንጨት ላይ 24 መጻፍ ዝም ብሎ መመኘት ነው። እኔ ከዚህ በታች የማሰላው በሲ16 ነው። እሱም ቢሆን በነፃ አይገኝም፣ እንጨቱን አንድ በአንድ አይተው የሚጥሉትን መጣል አለብዎት።

በሲ16 እና በአጭር ጊዜ ጭነት የመታጠፍ አቅሙ 11.1 ይመጣል። ቁመቱ ከ15 ሳንቲ ሜትር ያነሰ እንጨት ትንሽ ጉርሻ ስለሚሰጠው ወደ 12 ይደርሳል። 5.1 ለ12 ሲካፈል 0.42 ነው። ከ1 በታች ነው፣ ጥሩ ይመስላል።

ግን አላለቀም። ይህ እንጨት እየታጠፈ ብቻ አይደለም፣ በዚያው ሰዓት እየተገፋም ነው። ረጅም ቀጭን እንጨት ሲገፋ ሳይደቅ ወደ ጎን ይጎብጣል። በመጋጠሚያዎቹ መካከል በቁልቁለቱ ሲለካ 2.24 ሜትር አለ። ለ10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይህ ርዝመት የግፊት አቅሙን ወደ 43 በመቶ ያወርደዋል። 11.8 የነበረው 5.1 ይሆናል ማለት ነው። የግፊቱ ጫና 1.5 ስለሆነ 0.30 ይወስዳል። ሁለቱ ይደመራሉ፣ 0.42 እና 0.30፣ በጠቅላላ 0.72። ትክክለኛው ማረጋገጫ ይሄ ድምር ነው። የመታጠፉን ብቻ አይቶ «አለፈ» የሚል ሰው ግማሹን ነው ያየው።

0.72 ከ1 በታች ስለሆነ እንጨቱ ፈተናውን ያልፋል። ነገር ግን ይህ ቁጥር የወረቀት ቁጥር ነው፣ የሚያበላሹትም ብዙ ናቸው።

አንደኛው የእንጨቱ አቀማመጥ ነው። ሚስማር ለመምታት ስለሚመች 5 በ10ን በጎኑ አጋድመው የሚሠሩ አሉ። በጎኑ ሲጋደም ሴክሽን ሞዱለሱ በግማሽ ይቀንሳል፣ የመጉበጥ አቅሙም ይንኮታኮታል። ያው ስሌት በተጋደመ እንጨት ሲሠራ 0.72 የነበረው ወደ 1.8 ይወጣል። ያው እንጨት፣ ያው ጭነት። የተቀየረው መዞሩ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። 5 በ10 ተብሎ የመጣ እንጨት ተልጎ ሲያበቃ 4.5 በ9.5 ሊሆን ይችላል። ዓይን አይለየውም፣ ስሌቱ ግን ይለየዋል፦ ሴክሽን ሞዱለሱ 19 በመቶ ይጎድላል፣ ድምሩም ከ0.72 ወደ 0.89 ይጠጋል። ስለዚህ በስሙ አያስሉ፣ ሜትርዎን ይዘው በሚሊ ሜትር ይለኩ።

ሦስተኛው ነው ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት። ትልቁ ሞመንት ያለው መካከለኛው መጋጠሚያ ላይ ነው ብለናል። አናጺ ደግሞ እንጨት ቦርቡሮ ሰያፉን የሚያስገባው የት ነው? እዚያው። 2.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢቆርጥ የቀረው ቁመት 7.5 ነው። ቁመቱ የቀነሰው በሩብ ነው፣ ሴክሽን ሞዱለሱ ግን 44 በመቶ ይጠፋል። 5.1 የነበረው ጫና 9 ይሆናል። በዚያ ላይ የተቆረጠ ማዕዘን ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው። መጋጠሚያው ላይ መቁረጥ የለም ብለው ከወዲሁ ይነጋገሩ። ሰያፎቹ በጎን ተለጥፈው በሚስማር፣ በቡለን ወይም በብረት ሳህን ይያዙ።

አንጓም ያው ነው። ቅርንጫፍ የነበረበት ቦታ ጠርዙ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ከያዘ፣ በተለይ በሚወጠረው ጠርዝ በኩል ከሆነ፣ እንጨቱ እዚያ ጋ እንደ 7 ሳንቲ ሜትር ነው የሚሠራው። አንጓው መሃሉ ላይ ቢሆን ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፣ ምክንያቱም ሲታጠፍ የሚደክመው ጠርዙ ነው። የእንጨቱ ክሮች አቅጣጫም ይታይ። በ10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ጎን የሚሸሽ ክር ያለውን እንጨት ለላይኛውና ለታችኛው አልጠቀምበትም። ለአጭር የውስጥ ቋሚ ይሁን።

እርጥበት አራተኛው ነው። ገና ከመሰንጠቂያ የወጣ እርጥብ እንጨት፣ ወይም ክዳኑ የሚያፈስበት፣ ቅነሳው ከ0.9 ወደ 0.7 ይወርዳል። ድምራችን 0.92 ይሆናል። አሁንም ከ1 በታች ነው፣ ግን የእንጨቱ መጠን ጎደሎ ከሆነ ወይም አንድ ክፉ አንጓ ካለበት አለቀ። እርጥብ እንጨት ጭነት ተሸክሞ ሲደርቅ ደግሞ ክፉኛ ይረግባል። በዓመቱ ክዳኑ ሰርጎ የሚታየው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፣ ምንም ሳይሰበር።

ስለ ታችኛው እንጨት አልጠየቁም፣ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። የታችኛው በውጥረት ነው የሚሠራው፣ እንጨት ደግሞ በውጥረት ጊዜ አንጓን አይምርም። የሲ16 የውጥረት ጥንካሬ 8.5 ነው፣ ከመታጠፉ 16 ጋር ሲተያይ ግማሽ ያህል። ውጥረቱ ብቻውን ሲሆን ችግር የለውም፣ በእርስዎ ትረስ ጫናው 1.4 ገደማ ነው። ችግሩ ኮርኒስ ሲንጠለጠልበትና ሰው ሲረግጠው ነው። በደብሊው ቅርጽ የታችኛው እንጨት መጋጠሚያዎች 2.67 ሜትር ይራራቃሉ። ገመድ ሊዘረጋ ኮርኒስ ውስጥ የገባ ኤሌክትሪሺያን ከነመሣሪያው 1 ኪሎ ኒውተን ነው ብንል፣ በ1.5 ተባዝቶ ዳር ያለው ርቀት መሃል ላይ ሲቆም የመታጠፍ ጫናው 9.6 ይደርሳል። ከ12ቱ 80 በመቶውን አንድ ሰው ብቻውን በላው። እንጨቱ መጋጠሚያው ላይ የተቀጠለ ከሆነ ደግሞ ቀጣይነቱ ስለሚጠፋ ጫናው 12 ይሆናል፣ ኮርኒሱና ውጥረቱ ሳይደመሩ ማለት ነው። ስለዚህ ኮርኒስ ውስጥ የሚመላለስ ሰው ካለ መጋጠሚያ ከመጋጠሚያ የሚያያዝ መረማመጃ ጣውላ ያድርጉለት፣ ወይም የታችኛውን እንጨት ያሳድጉ።

አማራጮቹን እንመዝን። የመጀመሪያው መታጠፉን ከምንጩ ማጥፋት ነው። ፐርሊኑ ሁሉ መጋጠሚያ ላይ ከዋለ ድምሩ ከ0.72 ወደ 0.3 ይወርዳል። ይህ ግን ሁለት መልክ አለው። ፐርሊኑን ወደ 2 ሜትር ካራራቁት ቆርቆሮው መሃል ላይ ይረግባል፣ አንዱ ፐርሊንም የሁለቱን ጭነት ይሸከማል። ይሄን አልመክርም። ፐርሊኑ በ1 ሜትር ይቆይና በየፐርሊኑ ሥር የውስጥ እንጨት ይጨመር ካሉ ያምራል፣ ግን መጋጠሚያዎቹ በጣም ይበዛሉ። የእንጨት ትረስ ደግሞ ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው መጋጠሚያው ላይ ነው። ደካማውን ቦታ ማብዛት ለ8 ሜትር ትረስ አያዋጣም።

ሁለተኛው ትረሶቹን ማቀራረብ ነው። ከ1.2 ወደ 0.9 ሜትር ቢያመጧቸው ከጣሪያው የሚመጣው ጫና ሁሉ በሩብ ይቀንሳል። ይሠራል። ግን አንድ ሙሉ ትረስ በጨመሩ ቁጥር የሚጨምሩት ሥራም ያው ሙሉ ነው።

ሦስተኛው የላይኛውን እንጨት ከ10 ወደ 12.5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ማሳደግ ነው። ሴክሽን ሞዱለሱ በቁመቱ ካሬ ስለሚያድግ 2.5 ሳንቲ ሜትር ብዙ ትሠራለች። የመታጠፍ ጫናው ከ5.1 ወደ 3.2 ይወርዳል፣ የመጉበጥ አቅሙም ይሻሻላል። ድምሩ 0.45 ይሆናል። በላይኛው እንጨት ላይ ሩብ ያህል እንጨት ብቻ ጨምረው ለጎደሎ መጠን፣ ለአንጓና ለእርጥበት የሚበቃ ትርፍ አገኙ ማለት ነው። ስፋቱን ከ5 ወደ 6 ከማሳደግ ይሄ በብዙ ይሻላል።

ይህ ስሌት የማይነግርዎትም አለ። ስለ ሚስማርና ቡለን ምንም አላልኩም። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ለብቻው ይሰላል፣ የዚህኛው እንጨት ማለፍ ለዚያኛው መጋጠሚያ ዋስትና አይሆንም። ነፋስም አለ። ቆርቆሮ ቀላል ክዳን ነው፣ የእርስዎ ከነፐርሊኑና ከነትረሱ በካሬ ሜትር 0.25 ኪሎ ኒውተን ብቻ ነው የሚመዝነው። ነፋሱ ወደ ላይ የሚስብበት ኃይል ከዚህ ከበለጠ የትረሱ ኃይሎች ይገለበጣሉ። ሲወጠር የኖረው የታችኛው እንጨት ይገፋል። የላይኛውን ፐርሊኑ በየ1 ሜትር ጎን ለጎን ይዞታል፣ የታችኛውን ግን ማንም አልያዘውም። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይዞ ሜትሮች ሙሉ ሲገፋ ወደ ጎን ይሄዳል። ትረሶቹን ከሥር የሚያያይዝ ርዝመታዊ እንጨትና በየተወሰነ ቦታ ሰያፍ ማሰሪያ ያስፈልጋል። የትረሱ እግር ራሱ ከግርግዳው ጋር በብረት ማሰሪያ ይታሰር፣ በሁለት ሚስማር ብቻ አይሆንም።

ስለዚህ እርስዎን ብሆን የማደርገው ይሄ ነው። የላይኛውን እንጨት 5 በ12.5 አደርገዋለሁ፣ በቁሙ፣ ከግርግዳ እስከ ጫፍ ሳይቀጠል። ፐርሊኑን በ1 ሜትር እተወዋለሁ። እንጨቱን የደረቀ እመርጣለሁ፣ እንደመጣ እለካዋለሁ፣ ጠርዙ ላይ ትልቅ አንጓ ያለበትን ለሌላ ሥራ እለየዋለሁ። መጋጠሚያ ላይ ቦርቡሮ ማስገባት አልፈቅድም። የታችኛውን የምቀጥለው ከሆነ ደግሞ ቅጥያውን በሁለቱም ጎን በጣውላ ወይም በብረት ሳህን አስይዤ፣ ለውጥረቱ ለብቻው አስልቼ ነው። የመጋጠሚያዎቹንና የነፋሱን ስሌት ሳያሠሩ ግን እንጨት አያስቆርጡ፣ እነዚህ ሁለቱ የመዋቅር መሐንዲስ ፊርማ ይፈልጋሉ። ክዳኑን ከቆርቆሮ ወደ ሸክላ ለመቀየር ካሰቡ ከላይ ካሉት ቁጥሮች አንዱም አያገለግልዎትም፣ ከጭነቱ ጀምረው እንደገና ያስሉ።